አድራሻው የተቀየረ ደብዳቤ፦ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን እንዴት አስተማረን?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስልካችሁን ሳትነኩ፣ ከሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች ውስጥ በቁጥራቸው የምታውቋቸውን ጥሩ። መጀመሪያ የሚመጣው 39 ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው። ፖለቲካ የሚከታተል ሰው 93ን ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር ያነሳል፤ የመሬት ነገር የሚያንገበግበው 40ን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። የሲቪክስን 11 እሴቶች ቁጠሩ። ይሄኛው ይቀላል፦ ዲሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ሀገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ከ5ኛ ክፍል አንስቶ እስከ መሰናዶ ድረስ በየዓመቱ እነዚሁ ይመለሱ ነበር። ክፍሉ ሲጨምር መጽሐፉ ይወፍራል እንጂ ማውጫው አይለወጥም።

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዓመታት ሙሉ ስለ አንድ ጽሑፍ ተማርን፤ ጽሑፉን ግን አላነበብነውም። መጽሐፉ አንዳንድ አንቀጾችን ይጠቅሳል፣ ፈተናውም ይጠይቃል፤ ሙሉውን ጽሑፍ ፊታችን አስቀምጦ «በሉ አንብቡ፣ ከዚያ እንነጋገርበታለን» ያለ ክፍለ ጊዜ ግን ብዙዎቻችን አናስታውስም።

«ሲቪክስ የኢሕአዴግ ፕሮፓጋንዳ ነበር» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቻላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ዘግቶታል። እኔ ግን ትምህርቱን እንደ አንድ ድርሰት ላየው እፈልጋለሁ። ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው የሚናገረው? ምኑንስ ተወው? እንዲህ ሲታይ ጥፋቱ ከአንድ ፓርቲ ዕድሜ ይረዝማል። ለዚህም ነው ፓርቲው ሄዶ ጥፋቱ የቀረው።

አራትና ሰባት

ከማውጫው እንጀምር። ከ11ዱ ምዕራፎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለ ሥርዓት ናቸው። መንግሥት እንዴት እንደሚቆም፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል የሚነሳው እዚያ ነው። የቀሩት ሰባቱ ስለ ልጁ ጠባይ ናቸው። አገሩን ይውደድ፣ ኃላፊነቱን ይወጣ፣ ተግቶ ይሥራ፣ በራሱ ይተማመን፣ ይቆጥብ፣ ይሳተፍ፣ ዕውቀት ይሻ።

ምክሮቹ ክፋት የለባቸውም። ቁጠባን ማን ይጠላል? ግን ለዚህ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያለ አንቀጽ ቁጥር ሲነግሩን ነው ያደግነው።

ሕገ መንግሥት ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። አንቀጽ 19ን ውሰዱ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረው ይላል። ላለመናገር መብት አለው ይላል። የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እዚህ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ማን ነው? ፖሊሱ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲል ትእዛዝ የሚቀበለው ሹሙ ነው። አንቀጽ 21 እስረኛ ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙ፣ ከጠበቃው ጋር ይገናኝ ሲል የሚታዘዘው የእስር ቤቱ ኃላፊ ነው። ነገርየው ደብዳቤ ነው ብንል፣ ላኪው በመግቢያው የመጀመሪያ ቃል ላይ ተጽፏል፦ «እኛ»። ተቀባዩ ደግሞ ሥልጣን የያዘው ነው።

ትምህርት ቤት ያደረገው ነገር አድራሻውን ሰርዞ የልጁን ስም መጻፍ ነው። ለመንግሥት የተላከው ማሳሰቢያ ለተማሪው የተላከ ተግሣጽ ሆነ። «መብት» የሚለው ቃል ሲመጣ እንኳን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ «ግዴታ» የሚባል አጃቢ ይከተለዋል። ልጁ የመናገር መብት እንዳለው በሰማበት ትንፋሽ፣ መብቱን ሲጠቀም ሊጠነቀቅ የሚገባውን ይሰማል።

የአቀራረቡም መንገድ ይህንኑ ያግዛል። እያንዳንዱ ትምህርት ሲጀምር ከትምህርቱ በኋላ ምን እንደምታውቁ አስቀድሞ ይነግራችኋል። ከዚያ ጥያቄ፣ ማብራሪያ፣ አንዳንዴ አጭር ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ ሊረሳ የማይገባው ነጥብ በሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ድምዳሜው ከንባቡ በፊት ታውቋል። የሚተርከው ድምፅ ሁሉን ያውቃል፣ አይጠራጠርም። በልብ ወለድ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ተራኪ ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ያሰለቸን ነበር። በሲቪክስም አሰለቸን፤ ልዩነቱ ፈተና ስላለ መቀጠላችን ነው።

ስለ ሕጉ መሸምደድና ሕጉን መሸምደድ

«ችግራችን ሽምደዳ ነው» የሚል ነገር ይወራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽምደዳ በዚህ አገር ረጅምና የተከበረ ታሪክ አለው።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት ይደግማል፤ የሚደግመው ስለ ዳዊት የተጻፈ ማጠቃለያ አይደለም፣ ራሱን ዳዊትን ነው። የቁርኣን ቤት ልጅ በቃሉ የሚይዘው ራሱን ቁርኣንን ነው። ቦረና ውስጥ በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ሲሰበሰብ ሕጉ በሕዝብ ፊት በቃል ይነገራል፣ ይመረመራል፣ የሚሻሻል ካለ ይሻሻላል። እዚህ ሁሉ ውስጥ በጭንቅላት የሚያዘው ራሱ ጽሑፉ ወይም ራሱ ሕጉ ነው። አንዴ በቃል ከተያዘ ማንም አይወስደውም፤ ሲያድጉ ትርጉሙን ይመለሱበታል።

እኛ በቃላችን የያዝነው ምንድን ነው? «ኮንስቲትዩሽን ኢዝ ዘ ሱፕሪም ሎው ኦፍ ዘ ላንድ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አልነበረም። ትክክል ናት፤ አንቀጽ 9 የሚለውን ነው የምትለው። ግን ስለ ሕጉ የተነገረች ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ «ሕገ መንግሥቱ የሕጎች ሁሉ የበላይ ነው» ቢል ምንም አያገኝም። «ከገባሁ 48 ሰዓት አልፎኛል» ቢል ግን ቢያንስ የሚመልስለት ሰው መልስ መፈለግ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ አንቀጽ፣ 106ኛው፣ አጭር ነው፤ የመጨረሻው ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ክርክር ቢነሳ የሚታየው አማርኛው ነው ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃው የሲቪክስ መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ስለ መብቱ በእንግሊዝኛ ተማረ፤ ዋናውን ቃል አላየውም። አንቀጽ 5 ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ታዲያ የልጁን አፍ መፍቻ ቋንቋና የአማርኛውን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ «እዚህ ላይ ትርጉሙ ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ምን የመሰለ ትምህርት ይወጣው ነበር!

ይሄ ስለ ሕጉ የመሸምደድ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያሉ አክስቶቻችንና አጎቶቻችን ዜግነት ለማግኘት ለዓመታት የተዘጋጁት በ100 ጥያቄዎች ነበር፤ መርማሪው እስከ 10 ይጠይቅ ነበር፣ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ የዚያ አገር ሕገ መንግሥት በየትኞቹ ሦስት ቃላት እንደሚጀምር ይጠይቅ ነበር፤ መልሱ «ዊ ዘ ፒፕል» ነው። የነሱም በ«እኛ» ነው የሚጀምር። እዚያም ቢሆን ሰነዱን ሳያነቡ ፈተናውን ማለፍ ይቻላል። የሚለየው ይህ ነው፦ መልሱ ከጽሑፉ የተቀዳ ቃል ስለሆነ፣ አክስታችን ፈተናውን ስትጨርስ ቢያንስ ሦስት ቃል ይዛ ትወጣለች።

አንድም፣ አንድም

ሕግን ቁጭ ብሎ ማንበብና መተርጎም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በመጻሕፍት ቤት ከነትርጓሜው ሲነገር የኖረ መጽሐፍ ነው። አንድምታ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አያበቃም፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ያመጣል፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ያመጣል። ተማሪው ጽሑፉን እያከበረ የተለያዩ ፍቺዎችን ጎን ለጎን መያዝ ይለምዳል።

እስቲ በዚህ መንገድ የሰነዱን ስም እንፍታው። ሕገ መንግሥት።

አንድም፦ መንግሥት ያወጣው፣ ለሕዝብ የሰጠው ሕግ።
አንድም፦ መንግሥትን የሚገዛ ሕግ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፈረሙት የመጀመሪያው በጽሑፍ የሠፈረ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ፍቺ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርቅቀውት፣ የ1889 እ.ኤ.አ.ን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ፣ በ55 አንቀጾች ተዘጋጀ። ሰጪው ንጉሠ ነገሥቱ፣ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም የዘውዱን የዘር ሐረግ እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አድርሶ የንጉሡን አካል የማይደፈር አድርጎ አኖረው። በትምህርት ቤት ጎን የቆመው ግብረ ገብ ነበር። ደርግ ሲመጣ የፖለቲካ ትምህርት ተተካ፤ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የደርግ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ1983 ከሥርዓቱ ጋር ወደቀ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሰነድ ቢያንስ በሰዋስው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ፍቺ ተሻገረ። ተናጋሪው ተለወጠ። ንጉሥ ወይም ፓርቲ ለሕዝብ መስጠቱ ቀርቶ «እኛ» ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሥልጣንን ለመንግሥት በልክ ቆርጠው የሚሰጡበት ቅርጽ ያዘ። «ያ እኛ በእርግጥ ተናግሯል ወይ? ተጠይቋል ወይ?» የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፤ አሁንም አላለቀም። እዚህ የሚያስፈልገን ግን የጽሑፉ ቅርጽ መለወጡ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ከዚህ ለውጥ ጋር አልተለወጠም። ሁለተኛውን ፍቺ የያዘ ሰነድ በመጀመሪያው ፍቺ ዘዴ ተማርን፦ ከላይ የተሰጠ፣ ሊመሰገን የሚገባው፣ ሊጠየቅ የማይገባው። ግብረ ገብ ስሙን ቀይሮ ሲቪክስ ሆነ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ታች ባሉት ክፍሎች ግብረ ገብ የሚለው ስም በይፋ ተመልሷል፤ ከፍ ባሉት የዜግነት ትምህርት ተብሏል። ለስም ለውጥ አልቸገርም። ጥያቄዬ ልጁ እጅ ላይ ጽሑፉ ደርሷል ወይ የሚለው ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበረውን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አስቡት። ቀኑ ኅዳር 29 የሆነው ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ስለሆነ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የምናየው ግን ባህላዊ ልብስ፣ ጭፈራና ምግብ ነው። ያምራል፣ ደስም ይላል። ግን እኮ የአንድ መጽሐፍ ልደት ተከብሮ መጽሐፉ ያልተከፈተበት በዓል ነው።

አለንጋው ግድግዳው ላይ ነበር

አሁን ወደ አንድ አንቀጽ ጠጋ እንበል። ለልጆች ከባድ ነው የሚባለው ክርክር የሚፈርስበት አንቀጽ ነው።

አንቀጽ 36 የሕፃናት መብት ነው። ሕፃን በሕይወት የመኖር፣ ስምና ዜግነት የማግኘት፣ ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ መብት አለው ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ይጨምራል፦ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ጭካኔ ካለበትና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት።

በትምህርት ቤት። ቃሉ እዚያው ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ የክፍሉን በር ከፍቶ የገባበት ቦታ ነው።

ስንቶቻችን ነን ሲቪክስ በተማርንበት ክፍል ውስጥ በማስመሪያ የተመታን፣ በጎማ የተገረፍን፣ ፀሐይ ላይ የተንበረከክን? አንድ ልጅ «የሕግ የበላይነት» የሚለውን ትርጉም አላጠናህም ተብሎ ኩርኩም ሲቀምስ የትኛውን ትምህርት ነው የተማረው? መጽሐፉ የነገረውን ወይስ እጁ ላይ ያረፈውን? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ይበረታል፤ ሁለተኛው ደግሞ «የተጻፈው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አድጎ ሕገ መንግሥት ሲባል «ወረቀት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይሄን ድምዳሜ የደረሰው በ10 ዓመቱ ነው፣ ማስረጃውም መዳፉ ላይ ነበር።

አንቀጽ 36ን ለ4ኛ ክፍል ልጅ ማንበብ ቀላል ነው፤ ከባዱ ካነበቡ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጁ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አለንጋ ሊያይ ነው። መምህሩም ሊያየው ነው። ሰነዱ የሚነበብበት ክፍል ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው ሊቀጥል አይችልም። ጽሑፉን ከመስጠት ስለ ጽሑፉ ማውራት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ከትምህርት ቤት ውጭ የተነበቡ አንቀጾች

ትምህርት ቤት ባያነብልንም አገሩ አንዳንድ አንቀጾችን አንብቧል። እንዴት እንዳነበባቸው ማየት ግን ያስፈልጋል።

አንቀጽ 47 አንድ ብሔር የራሱን ክልል የሚመሠርትበትን መንገድ ያስቀምጣል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወስኖ ጥያቄውን በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል፤ ጥያቄው የቀረበለት ምክር ቤት ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። የሲዳማ ወጣቶች ይህን «1 ዓመት» ቆጠሩት። ቀኑ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ላይ ወደቀ፤ «11/11/11» እየተባለ በየአፉ ገባ። ቀኑ ሲደርስ ሕዝበ ውሳኔው አልተካሄደም ነበር። ግጭት ተነሳ፣ ሰዎች ሞቱ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ከወራት በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው፤ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ክልልነትን ደገፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው፣ «ወጣቱ ሕገ መንግሥት አያነብም» የሚለው ውሸት ነው፤ ጉዳዬ ያለውን ንዑስ አንቀጽ ከነቀነ ገደቡ ያነባል። ሁለተኛው፣ አንቀጹ 1 ዓመት ካለፈ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ጽሑፉ እዚያ ላይ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ፣ ባለሥልጣን ቀን ሲያሳልፍ ዜጋ በየትኛው በር መግባት እንዳለበት አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ቢከራከሩበት ኖሮ ግጭቱ ይቀር ነበር ማለት አልችልም። በዝምታው ዙሪያ የምንነጋገርበት ሌላ ቦታ ስላልነበረን ግን ንግግሩ መንገድ ላይ ሆነ።

ሌላው 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። ነሐሴ ላይ ሊደረግ የነበረው ምርጫም ተላለፈ፣ «የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ሲያልቅ ማን ይመራል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሕገ መንግሥት ትርጉም ሄደ። ግንቦት ላይ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የባለሙያዎችን አስተያየት ሲሰማ በቴሌቪዥን ተላለፈ። አንቀጽ 54፣ 58፣ 93 እየተባለ ሳሎናችን ውስጥ ክርክር ተካሄደ። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወሰነ። በውሳኔው መስማማትና አለመስማማት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አልተስማማም፣ መዘዙም ከባድ ሆነ። ግን አስቡት፦ ልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ሕገ መንግሥት ሲነበብ፣ የሕግ ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ሲለያዩ ያዩት ቤታቸው ቁጭ ብለው ነው። ትምህርት ቤት ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ያላዩትን።

ብዙዎች ያኔ ነው ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑን ያስተዋሉት። ይህ አንቀጽ 62 እና 83 ላይ ተጽፎ የኖረ ነገር ነው። «ለምን ዳኛ አልሆነም? ቢሆንስ ምን ይለወጥ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለ11ኛ ክፍል ልጅ ልክ የሆነ ጥያቄ ነው።

«ሰነዱ ራሱ አከራካሪ ነው»

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ የጠቡ ምክንያት ነው፤ አንዱ ወገን የነፃነቱ ዋስትና ይለዋል፣ ሌላው የመከፋፈሉ ምንጭ። ይሻሻል የሚል አለ፣ ይቀደድ የሚልም አለ። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለልጅ መስጠት እሳት መስጠት አይደለም ወይ?

እሳቱ ቀድሞ ደርሷቸዋል። አንቀጽ 39ን ልጆቹ ከቲክቶክ ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን እንደ ስድብ ወይም እንደ መፈክር ነው። አምስት ንዑስ አንቀጾች እንዳሉት፣ ሁለተኛው ቋንቋን ስለ መናገርና ማሳደግ እንደሆነ፣ አራተኛው ስለ መገንጠል ሥነ ሥርዓት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ 3 ዓመት፣ ሕዝበ ውሳኔ፣ የንብረት ክፍፍል እያለ እንደሚዘረዝር የሚያውቅ ስንቱ ነው? አንቀጹን የሚጠላውም የሚወደውም ሙሉውን ካነበበ በኋላ አቋሙን ላይቀይር ይችላል። የሚከራከረው ግን ከእውነተኛው ጽሑፍ ጋር ይሆናል። ማሻሻል የሚፈልግም ቢሆን አንቀጽ 104 እና 105ን ማለፍ አለበት፤ ያላነበቡትን ማሻሻል አይቻልም።

ደግሞ ሰነዱ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ሕገ መንግሥቱን እንዲወዱት አድርጎ ማስተማር ይህን አንቀጽ ይጥሳል። እንዲጠሉት ማስተማርም ይጥሰዋል። ማስነበብ አይጥሰውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የመምህሩ ነው። ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ 48 ሰዓት ካለፈስ?» ሲል መምህሩ ምን ይበል? ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ክፍሉ ውስጥ የማን ልጅ እንዳለ አያውቅም። ምናልባት የጠያቂው ወንድም ታስሮ ይሆናል፤ ጥያቄው የፈተና ጥያቄ ላይሆን ይችላል። መምህሩን ፈሪ ማለት ለኛ ስልክ ይዘን ለምንጽፈው ቀላል ነው። መጽሐፉ ስለ ሕጉ ብቻ ሲያወራ መምህሩንም እየጠበቀው ነበር፤ ያለ ጽሑፍ ጥያቄ የለም፣ ያለ ጥያቄ አደጋ የለም። ስለዚህ «መምህራን ይድፈሩ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ንባቡ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ፣ «አንቀጽ 19ን አንብቡ» የሚለው ትእዛዝ ከላይ ካልመጣ፣ መምህሩ በራሱ ኃላፊነት እንዲያደርገው መጠበቅ ግፍ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ላሳያችሁ። የ10ኛ ክፍል ነው፣ 40 ደቂቃ ነው። አንቀጽ 19 በአማርኛና ተማሪዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሟል። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ከዚያ ክፍሉ በሦስት ይከፈላል፦ የተያዘው ሰው፣ ፖሊሱ፣ ዳኛው። እያንዳንዱ ቡድን አንቀጹ ለእሱ ምን እንደሚሰጠው፣ ምን እንደሚከለክለው ከጽሑፉ ላይ እያሳየ ይናገራል። በበላ ልበልሃ ያደገ አገር ልጆች ይሄን ለመጫወት ብዙ ስልጠና አያስፈልጋቸውም።

ቀጥሎ አንቀጽ 93 ይወጣል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳን የማይነኩ አንቀጾች ተዘርዝረዋል፦ 1፣ 18፣ 25፣ እንዲሁም የ39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። ልጆቹ 19ን ይፈልጋሉ። የለም። የ48 ሰዓቱ ነገር በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ ከማይችሉት ውስጥ አልተቆጠረም፤ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ግን ተቆጥሯል። ለምን? አርቃቂዎቹ ምን ፈርተው ነበር? ምንስ አልፈሩም ነበር? እናንተ ብትጽፉት የትኞቹን ታስቀምጡ ነበር?

ይህን ግኝት ማንም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ «አስታውሱ» አላላቸውም። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጠው ራሳቸው አገኙት። መንግሥትን የሚወድም የሚጠላም ቤተሰብ ልጅ እኩል ያገኘዋል።

የዚያን ቀን አንዷ «ቲቸር፣ ካለፈስ?» ብትል መምህሩ አንቀጽ 37ን፣ ፍትሕ የማግኘት መብትን፣ ሊያሳያት ይችላል። እሱም ካልበቃት በሲቪክስ ክፍል ብዙም ሰምተነው የማናውቀውን መልስ ሊሰጣት ይችላል፦ «እኔም አላውቅም። ነገ አብረን እናየዋለን።»